ከሀጂ ጋር የተጋራሁት ስም

ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ መጀመሪያ ከስኳር ጆንያና ከሱቅ ታፔላ፣ ቀጥሎ ሰው አንብቦ ከጣለው ጋዜጣ። እንዲያም ሆኖ ወልድያ ፍርድ ቤት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዲግሪ ያለው ጠበቃ ሳይቀር «እስቲ ይቺን አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብሎኛል። የኔ ማመልከቻ ሲነበብ ዳኛ አያዛጋም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለማይናገርልኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምኮራው ግን በምንጅላቴ ስም ነው። ከመርሳ ከፍ ብሎ፣ ሀብሩ ውስጥ ያለው የትውልድ መንደሬ በሱ ስም ይጠራል። ከመንደሩ ወጥተን ወልድያ ዳርቻ የሰፈርነውም ሰፈራችንን በዚያው ስም ስለጠራነው፣ ዛሬ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ስሙን እየጮኸ ሰው ይጭናል። እኛ የዘሩ ሰዎችም የእገሌ ልጆች እንባላለን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

ችግሩ ይህን ስም ሌላም ሰው መያዙ ነው። ግራና አጠገብ በዚሁ ስም የሚጠራ መንደር አለ። ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱም የእገሌ ልጆች ነን ይላሉ። የነሱን ትልቅ ሰው ሁሉም ሀጂ ነው የሚለው፤ እኔም እዚህ ሀጂ ልበለው። በዕድሜ እኩያዬ ነው።

ቅናቴን አልደብቅም። እሱ መካ ደርሶ መጥቷል፤ እኔ ከደሴ አላለፍኩም። መርሳ መናኸሪያ ሲወርድ ወጣቱ እጁን ሊስም ይሻማል፤ እኔን ሲያዩ «ጸሐፊው፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ጥርሱ እንኳ ሙሉ ነው። በሚስቱ በኩል እኛ መንደር ማሳ አለው፤ ማንጎው ሁልጊዜ ከኔ ማንጎ ቀድሞ ይደርሳል። ያው ውሃ፣ ያው አፈር። ይህ ሁሉ ይሁንለት፤ ስሜን ግን ለምን? የሱ አያቶች ከኛ የወሰዱት ነው እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ።

በመንደራችን ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ የመስኖ ቦዩን ደለል ይጠርጋል። ጠረጋው ሲያልቅ የውሃ አባቱ፣ ማለትም የውሃ ተራ የሚያካፍለው ሽማግሌ፣ ከባለስሙ ዘር አንድ ሰው ይጠራል። የተጠራው ዶማውን ተቀብሎ የተገደበውን አፈር ይንዳል፤ ውሃው ይለቀቃል። በዚያ ቀን ውሃ የከፈተ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከፊት ይቀመጣል፤ ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ላይ እሱን ነው የሚያስቀድሙት። ያ ቦታ የአጎቴ ነበር። ካቻምና አረፈ። ተራው የኔ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አምና «ውሃውን ሀጂ ሊከፍቱ ነው» የሚል ወሬ ወልድያ ድረስ መጣ። ምሳዬን ትቼ ኮቴን ላስተኩስ ሄድኩ።

በጠረጋው ቀን ኮቴን ለብሼ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ቦዩ ተጠርጎ አልቋል።

«አያ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ የውሃ አባቱ። «ደለል የሚጠርጉት በኮት ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ።

«ልጠርግ አልመጣሁም፤ ልከፍት ነው» አልኩት።

«እሱን ሽማግሌ መክሮበታል።»

«ሽማግሌ ምን ይመክራል? ትውልድ ይቆጠር። እኔም ልቁጠር፣ ሀጂም ይቁጠሩ። ስሙ ላይ የደረሰ ይክፈት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፈሩኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሀጂ ከማንጎ ጥላ ሥር ተነሳ። «ይቅር፣ አያ። እርስዎ ይክፈቱ፤ ቀኑም እየሄደ ነው» አለኝ።

«ምጽዋት አልጠየቅኩም።»

አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጠርቼ ምንጅላቴ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እዚያ ማዶ ያሉ ከብቶች እንኳ ቀና ብለዋል። ከዚያ ወደ ሀጂ ዞርኩ። እያመነታ አባቱን ጠራ፤ አያቱን ጠራ፤ ቅድመ አያቱን ጠራና አቆመ።

«ከዚህ በላይ አልቆጥርም።»

«አይቆጥሩም ወይስ አያውቁም?»

«ወላሂ አልቆጥርም።»

«መካ ደርሰው የመጡ ሰው ምንጅላትዎ ጋ መድረስ አቃተዎት?»

ወጣቶቹ ሳቁ። ቃሉ ዛሬም ጥሩ ቃል ነው፤ ባልለው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። ሀጂ ዶማውን ከውሃ አባቱ እጅ ወስዶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ከፈትኩ። ውሃው ደፍርሶ መጣና ጫማዬን አራሰው።

የአባቴ ታናሽ እህት አሁንም እዚያው መንደር አለች። ልሰናበታት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ቁጭ በል እንኳ አላለችኝም።

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ምንም አልነገረህም?» አለችኝ። በዚህ ዓለም እኔን ልጅ የምትል እሷ ብቻ ቀርታለች።

«ምኑን?»

«የደሙን ነገር ነዋ።»

ስሙ፣ አክስቴ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ የአንድ የግራና ሰው ነበር። የኛ ወገን በግጦሽ ጠብ ገደለው። አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ደሙን ሲያደርቅ፣ ከኛ ቤት አንድ ሕፃን ለሟች እናት ተሰጠ። ሴትዮዋ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችው፤ የጡት ልጇ ሆነ፤ የሞተባትን ልጅ ስም አወጣችለት። ያ ሕፃን አድጎ ወደተወለደበት አገር ተመልሶ ውሃውን በቦይ አወጣ፤ መንደሩ በሱ ስም ተጠራ። የኔ ምንጅላት ማለት እሱ ነው። የግራናው መንደር ደግሞ ቀድሞም በሟቹ ስም ይጠራ ነበር። ሟቹ የሀጂ ምንጅላት ነው።

«እርቁ ሲወርድ ማሉ» አለች አክስቴ። «የሟች ልጆች በገዳይ ልጆች ፊት ሲቆጥሩ ሟቹ ላይ አይደርሱም። ከደረሱ ደሙን መጥራት ነው። ለዚህ ነው በኛ አገር ሁለቱን ዘር አንድ ላይ አስቁሞ የሚያስቆጥር የሌለ። ካንተ በቀር።»

«ሀጂ ይህን ያውቃሉ?»

«የመንደሩ ትልቅ ሰው በሙሉ ያውቃል። አጎትህ ሊሞት ሲል፣ ከኔ በኋላ ውሃውን የሟች ወገን ይክፈተው ብሎ ተናዟል። አንተ ወልድያ ተቀምጠህ ጋዜጣ ስታነብ አመለጠህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ይሆናል። እኔ ቀናሁ። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በመካውና በማንጎው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዝምታው ቀናሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ቢኖርና ሰው በሕዝብ ፊት ቢሰድበኝ፣ እዚያው ቆሜ እንደ ማመልከቻ ከነአንቀጹ አነበንበው ነበር። እሱ ግን ዋጠውና ዶማ አቀበለኝ።

በማግስቱ መርሳ መናኸሪያ ተገናኘን። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰማምር ነበር የመጣሁት። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«አያ፣ ማንጎዎ ዘንድሮስ?»

«ከርስዎ ይዘገያል፤ እንደ ልማዱ።»

«ሥሩ ላይ ውሃ እየተኛበት ነው። በታች በኩል ማፍሰሻ ያውጡለት።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ሄጄ ባይ እውነቱን ነበር። ይህም አናደደኝ።

እንግዲህ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የቻልኩትን ቆጥሬ ላብቃ።

ያለ አስተማሪ ማንበብና መጻፍ ቻልኩ።

የወልድያ ባጃጅ ሾፌሮች የሰፈራችንን ስም ሳያበላሹ እንዲጠሩ አደረግኩ።

አንድ ዓመት ውሃ ከፈትኩ፤ ያየ ሁሉ ይመስክር።

ለማንጎዬ ማፍሰሻ አወጣሁለት። ዘንድሮ ከሀጂ ማንጎ እኩል ደረሰ፤ እኔ እንዳየሁት ትንሽ ቀድሟል።

በዘንድሮው ጠረጋ ከሁሉ በፊት ደርሼ፣ ኮቴን አውልቄ ደለል ጠረግኩ። የውሃ አባቱ እኔን ሲጠራ ዶማውን ተቀብዬ ለሀጂ በሁለት እጄ አቀበልኩት። አምና እሱ ጎንበስ ካለው የበለጠ ነው የጎነበስኩት።

ደግሞም ሰው ትውልድ ቁጠር ሲለኝ ቅድመ አያቴ ላይ አቆማለሁ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እኔን የሚከለክል መሐላ የለብኝም፤ ሀጂ የሚያቆመው አባቶቹ ስለማሉ ነው፣ እኔ የማቆመው ግን በገዛ ፈቃዴ ነው። አቋቋሜም ከሱ ያምራል።