የቦኖው ውሃ የጠፋ ቀን

ልጄ ዛሬም ከትምህርት ቤት ስትገባ አፏ የወተት ዱቄት ሸተተኝ። እዚያ የሚያበሏቸው የወተት ዱቄት ያለበት ገንፎ ነው። ይህ ሽታ መቀመጫ ያሳጣኛል።

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዘመን፣ ደሴ ውስጥ ለሰፈራችን ልጆች ከትምህርት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ እንዲህ ያለ ገንፎ ይታደል ነበር። ይዞ መውጣት ክልክል ስለሆነ እዚያው ልሰን እንወጣለን። እኔ ታዲያ መንገድ ላይ ካለው ቦኖ አፌን ተጉመጥምጬ እገባና «ዛሬ አልደረሰኝም» እላለሁ። እማዬ ከቂጣዋ ትገምስልኛለች።

«ብዪ፤ እኔ ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። አምናታለሁ።

አንድ ቀን የቦኖው ውሃ ጠፋ። አፌን ለንፋስ ከፍቼ ዳገቱን ሮጥኩ፤ ምላሴን በቀሚሴ ጫፍ ፈገፈግኩት። ሽታው አልለቅ አለኝ። እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ነይ እስቲ፣ ተንፍሺብኝ።»

ጥፊዋን እየጠበቅሁ ተነፈስኩ። ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ፊቴን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆየችና ቀስ ብላ፣ «አንዴ ድገሚልኝ» አለችኝ። የምታጣራ መስሎኝ ደገምኩላት።

ከዚያ ቂጣዋን ሳትገምስልኝ በላች። እንደዚያ ተቻኩላ ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር። ውሸቴን በማወቋ የተናደደች መሰለኝና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ምነው አረፍ አትዪም?» አለችኝ ልጄ፣ ቤቱን ስዞር አይታ። «ምሳ በላሽ?»

እማዬን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።