የጣዎሷ ጅራት

ታላቅ እኅቴ ለሠርጓ የሚሆን የአልጋ ልብስ መጥለፍ የጀመረችው እኔ ዳባት ላይ መምህር ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። ዘመኑ የደርግ ነበርና ጥሩ ክር እንደ ልብ አይገኝም። ደባርቅ ውስጥ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ባለቤት የሆኑ ሙስሊም እናት፣ ጣዎስ የተጠለፈበት ትራስ ነበራቸው። እኅቴ በገበያ ቀን እየሄደች፣ ሱቃቸው ደጃፍ ቁጭ ብላ ወፏን በእርሳስ ገለበጠቻት። እሷም ሆነች እኔ ጣዎስ በዓይናችን አይተን አናውቅም።

አንገቷን በሰማያዊ ክር በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። ጅራቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ላባው ላይ ያሉትን ዓይኖች አንድ በአንድ፣ ዙሪያቸውን በቢጫ፣ መሐላቸውን በአረንጓዴ ትሞላለች። ክር ሲያልቅባት አሮጌ ሹራብ ትተረትራለች። ጎረቤት ሲመጣ ጨርቁን ትዘረጋና፣ «ይች ሙሽራዋ ናት፤ እኔ ነኝ» ትላለች። ፊቷን በልጅነቷ ፈንጣጣ ጎድቶት ስለነበር፣ ራሷን ከቆንጆ ነገር ጋር ስታመሳስል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን መጽሐፍ ይዤ መጣሁ።

«እትዬ፣ ይኸ እኮ ወንዱ ነው» አልኳት።

«የቱ?»

«ጅራታሙ። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ይኸ ሁሉ ጌጥ የላትም።»

ሥዕሉን አሳየኋት። ሳትቆጣ ሴቲቱን ወፍ ትኩር ብላ አየቻት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ የማላውቀውን ስለፈልፍ ነው የከረምኩት» አለችና ጨርቁን አጠፈችው።

እውነቴን ለመናገር፣ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። አዲስ መምህር ነበርኩ፤ የሰው ስሕተት ማረም ዕውቀት ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ስመለስ ጅራቱን ተርትራ ጨርሳዋለች። ጨርቁ ላይ የቀረው የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ምነው?» አልኳት።

«ሰው ይስቅብኛል፣ ወንድምዓለም። ሙሽራዋ ነኝ ብዬ ለስንቱ ተናግሬ!»

መጽሐፉ ስለ ወፍ እንጂ ስላንቺ አልተጻፈም ልላት ይገባ ነበር። እኔ ግን፣ «ሌላ ትጠልፊያለሽ» ብያት ወጣሁ። ለሠርጓ አልጋው ከሱቅ የተገዛ ብርድ ልብስ ለበሰ። ጥልፍም ከዚያ ወዲያ አልነካችም።

ከዓመታት በኋላ፣ ልጆች ወልዳ ደባርቅ ስትኖር፣ ከጎንደር ሰማያዊና አረንጓዴ የጥልፍ ክር ገዝቼላት ሄድኩ። ያን ጊዜ ያልኳትን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«እውነቱን ነው የነገርከኝ፤ ምን በደልከኝ?» አለችኝ።

ተቆጥታ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክሩን አመስግና ተቀበለችኝ። በሌላ ጊዜ ስሄድ የገብስ ጆንያዎቿ አፍ በዚያ በአረንጓዴው ክር ተሰፍቶ አየሁ።