የፋሲካ ማግስት ምሳ

ሙስሊም ሆኜ ሁዳዴ ሲገባ ደስ የሚለኝ ልጅ ነበርኩ። አትሳቁ፤ ምክንያት ነበረኝ።

ሰንጋ ተራ ገና ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልበት፣ እዚያው ሰፈር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል እማር ነበር። ምሳ ሰዓት አራት ሴት ልጆች ከክፍላችን ጀርባ ጥላው ጋ ቁጭ እንላለን። ምሳ ዕቃዎቻችንን ከፍተን መሀል እናደርጋቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ የኔ፣ ያንቺ የሚባል ነገር የለም፣ እጅ ካገኘው ይበላል። ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ለብቻዋ የምትበላ ልጅ ወይ ተጣልታለች ወይ ስስታም ናት። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

በሁዳዴ ታዲያ የአራታችንም ምሳ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው፣ ቤት ያፈራው ፓስታ በቲማቲም ነው። «ሥጋ አለበት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ ሰላቷን የማታጓድል። ልደታ ማርያም አካባቢ ነጠላ ትሸጥ ስለነበር ግን የትኛው ጾም መቼ እንደሚገባ ከደንበኞቿ በላይ ታውቃለች። ጾሙ ሲገባ የኔን ምሳ ቅቤ ሳታስነካ በዘይት ትሠራልኛለች። አባቴ ማታ ማታ ሽሮውን እያየ «እኛ ቤት ደግሞ ማነው የመነኮሰው?» ይላል። የመነኮስኩት እኔ ነኝ፤ እሱም የተረፈውን እየበላ አብሮኝ መነኮሰ።

ጣጣው የሚመጣው ፋሲካ ሲያልፍ ነው። ያን ሳምንት የክርስቲያን ልጆች ምሳ ዕቃ በሙሉ ዶሮ ወጥ ነው። ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያንም የሙስሊም ሥጋ አይበላም። በሰፈራችን ይህ ጠብ የሚያመጣ ነገር አይደለም፤ አዋቂዎች በዓል ሲሆን ለጎረቤት የሚበላውን ለብቻ አሰናድተው ይጠራራሉ፣ በልተው ተመራርቀው ይለያያሉ። የልጅ ምሳ ዕቃ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

አራተኛ ክፍል ሳለን ከጓደኞቼ አጠገብ ተቀምጬ ሞክሬው ነበር። እነሱ ከመሀል ይበላሉ፣ እኔ ከጭኔ እበላለሁ። እጃቸው ዶሮ ስለነካ የኔን አይነኩም፤ ደግሞ ለኔ አዝነው ዶሯቸውን እንኳ በወጉ አያጣጥሙም። ለቅሶ ቤት የመጡ እንጂ ዶሮ የሚበሉ አይመስሉም። በማግስቱ እንዲገላገሉ ብዬ ራሴ ተነስቼ የግቢው ውሃ ቧንቧ ጋ ሄድኩ። ሳምንቱን እዚያ ለብቻዬ በላሁ። እቤት ግን «ከጓደኞቼ ጋር በላሁ» ነው ያልኩት።

ከሦስቱ ጓደኞቼ አንዷ ሆዳም ነበረች። ስሟን እያጠፋሁ አይደለም፤ ራሷም ትኮራበታለች። እኛ ስለ ፈተና ስናወራ እሷ ስለ ዶሮ ታወራለች። ሁዳዴ ሲጋመስማ ሌላ ወሬ የላትም። «የዘንድሮው ፈረሰኛ የኔ ነው» ትለናለች። ፈረሰኛ እኮ የአባወራ ነው ስንላት፣ «አባቴን አስፈቅጃለሁ» ብላ ታርፈዋለች።

አምስተኛ ክፍል ስንደርስ የክፍል ኃላፊያችን አንድ ደግ መምህር ሆኑ። ደግ ናቸው፤ ለዚህም ነው ነገሩ የከፋው። ሆሳዕና ሊደርስ ሲል ስለ ተማሪዎች አብሮነት የሚሰጥ ስልጠና ተካፍለው አዲስ ቦርሳና አዲስ አዲስ ቃላት ይዘው መጡ። «በዚህ ክፍል የተገለለ ተማሪ አለ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ተገልያለሁ ብሎ እጁን የሚያወጣ ማን አለ? «እሺ፣ ለብቻው የሚበላስ?» ሲሉ ሆዳሟ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፋሲካ ሲያልፍ እሷ ለብቻዋ ነው የምትበላው» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። ለኔ አስባ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፣ መምህሩ ደግሞ በስልጠናው የተነገራቸውን ልጅ በአካል ስላገኙ ፊታቸው በራ።

መፍትሔው በማግስቱ ደረሰ። ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ሙስሊም ወንዶች አስጠሩና ከፋሲካ በኋላ ከነሱ ጋር እንደምበላ ነገሩኝ። «አየሽ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም» አሉኝ። እንድንላመድ ብለውም ያንኑ ቀን ቧንቧው ጋ አብረን እንድንበላ አደረጉ። ልጆቹ ድምፃቸው የጎረነነ፣ ጢም ሊያበቅሉ የሚሞክሩ ናቸው። ስለ ኳስ እያወሩ መጀመሪያ የኔን ምሳ ጨረሱ፣ ቀጥለው የራሳቸውን። አንደኛው ባዶውን ምሳ ዕቃዬን እያየ «ነገም ይሄንኑ ነው የምታመጪው?» አለኝ። በጠቅላላው ያወራነው ይኼው ነው።

ለእናቴ ስነግራት እየሳቀች ሰማችኝ፤ በማግስቱ ትልቅ ምሳ ዕቃ ገዝታ መጣች። «ወንዶች ናቸው፣ ይርባቸዋል» አለች። እናቴ እንዲህ ናት፤ ችግር ሲነግሯት እንጀራ ትጨምራለች።

«እማ፣ እኔ የቸገረኝ ሙስሊም አይደለም፤ ሙስሊምማ ቤታችን ሙሉ ነው» አልኳት። «እኔ የምፈልገው ጓደኞቼን ነው።»

ሳቋን ተወች። «እንግዲያው ለመምህርሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ምን ብዬ? ክፉ ሰው ቢሆኑ እቤት አኩርፌ፣ ሰፈር አምቼ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን በየኮሪደሩ ባገኙኝ ቁጥር «አሁን ደስ አለሽ?» ይሉኛል። እኔም «አዎ ቲቸር» እላለሁ።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት በተከፈተ ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ። እናቴ ግንባሬን ነካ ነካ አድርጋ «በይ ተነሺ፣ መርፌ ትወጊያለሽ» አለችኝ። በአንዴ ዳንኩ።

ምሳ ሲደወል ያንን ትልቅ ምሳ ዕቃ አንጠልጥዬ ወደ ቧንቧው፣ ወደ ወንዶቹ ጉዞ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሆዳሟ ጠራችኝ። «ወዴት ነው?» ጥላው ጋ ሦስቱም ቁጭ ብለዋል። ሁለቱ ጓደኞቼ መሀል ያደረጉት ዶሮ ሽታው ካለሁበት ድረስ ይጣራል። እሷ የራሷን ለብቻ ከፍታለች። ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ሽሮ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ የረጋ፣ ላዩ የተሰነጣጠቀ።

«ዶሮ አልሠራችሁም እንዴ?» አልኳት።

«ሠርተናል።»

«ታዲያ?»

«ቁጭ በይ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ከዚያ በላይ የሚቀዘቅዝ ሽሮ አይቼ አላውቅም። ቁጭ አልኩ። የኔን ምሳ ከሷ አጠገብ ከፈትኩ፤ ሁለቱ ዶሯቸውን፣ ሁለታችን ሽሯችንን፣ አራታችንም ጉልበታችን ተነካክቶ መብላት ጀመርን። ገና ሁለት ጉርሻ ሳንጎርስ መምህሩ መጡ። ወንዶቹ ጋ አይተው ሲያጡኝ ተጨንቀው ነው።

«አንቺ፣ ልጆቹ እኮ እየጠበቁሽ ነው» አሉኝ።

ሆዳሟን አፏ መሙላቱ እንኳ አልከለከላትም። «ቲቸር፣ እሷ እኮ የኛ ናት» አለቻቸው።

መምህሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ምግቡን አዩ። «በሉ፣ ብሉ» አሉና ለወንዶቹ ሊነግሩ ሄዱ። ወንዶቹ ክፉኛ ሳያዝኑ አልቀሩም፤ የእናቴን እጅ አንዴ ቀምሰውት ነበር።

እኔ የጠቀለልኩትን በእጄ እንደያዝኩ አያታለሁ። ሆዳሟ ጎን ለጎን እየበላች ዓይኗ የሁለቱ ልጆች ዶሮ ላይ ተተክሏል፤ እነሱ በጎረሱ ቁጥር እሷ ምራቋን ትውጣለች። እጇን ሰደድ ብታደርግ ይደርሳል። አልሰደደችም። ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ይዛ መጣች።

«ብዪ እንጂ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከዶሮው ሳትነቅል። እያለቀስኩ በላሁ።