ሦስተኛው ቁልፍ

ያን ጎርፍ ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ውሃው አይደለም፤ መሐላው ነው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። የፍየል ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያወጣል፣ በመቃ ብዕር ይጽፋል። የላፍቶ ልጆች ፊደል የቆጠሩት እሱ ዘንድ ስለሆነ ትልቁም ትንሹም "የኔታ" ይለዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደውን ድርሳን የጨረሰው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ነው። የመጨረሻው እንደሆነ እሱም እኛም እናውቅ ነበር። ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰጠው፤ መጽሐፉም ዕቃ ቤት ገባ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ እዚህም እዚያም የብራና መጻሕፍት ተሰረቁ የሚል ወሬ በዛ። የእኛዎቹም ተሰብስበው መከሩ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠልጠል ተባለ፤ የአንዱ ቁልፍ ለደብሩ አለቃ፣ የአንዱ የምእመናን ተወካይ ለሆኑት ሽማግሌ ገበሬ፣ የአንዱ ለአባቴ። ሦስቱም ካልተገኙ በሩ እንዳይከፈት በታቦቱ ፊት ማሉ። የመጻሕፍቱንም የብረት ሣጥን ተሸክሞ የሚሄድ እንዳይኖር ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ አያያዙት። ስለ ሌባ ያልታሰበ ነገር አልነበረም። ስለ ውሃ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ ዕቃ ቤቱ ደግሞ ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው የተሠራው።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት፣ ከላይ አዲስ ቤት ከሚሠራበት ቦታ የተቆለለው አፈር ተንዶ ቦዩን ዘጋው። ጎርፉ ወደ ግቢው ዞረ። አባቴ ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ሽማግሌው ከማሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ተከፈቱ። አለቃው ግን ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ ሄደዋል፤ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነው። በታክሲ ሄዶ የሚጠራቸው ሰው ተላከ።

ውሃው በበሩ ሥር እየገባ ነበር። ግንበኛው ጎረቤታችን ድጅኖ ይዞ መጣ።

"የኔታ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ በአንድ ምት ነው።"

አባቴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። "ምለናል" አለ። "እኛ የዘጋነውን እኛው ከሰበርነው፣ ነገ ሌባውን ምን ብለን እንወቅሰዋለን?"

"አባባ፣ መጽሐፍህ እኮ ነው ያለው" አልኩት።

"የኔ ስለሆነማ ነው የማልሰብረው።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እኔ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ በንዴት። ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አልፎ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን አየነው።

አለቃው ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አልኩ በሆዴ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሰውዬው እኮ እየሮጡ ነው የመጡት።

በሩ ሲከፈት ሣጥኑ በውሃ ተሞልቷል። አባቴ ድርሳኑን አውጥቶ ገለጠው። ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም ውሃ አይችልም፤ ጥቁሩም ቀዩም ተቀላቅሎ ወርዷል። ጣቱን በየመስመሩ ላይ እያስኬደ ፊደል ፈለገ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴን እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

ማንም አልወቀሰውም። እንዲያውም በመሐላው ጸና ብለው አመሰገኑት፤ ምስጋናው ከወቀሳ ይልቅ የጎዳው ይመስለኛል። መስቀል ካለፈ በኋላ አለቃውና ሽማግሌው ቤታችን መጡ። ዕቃ ቤቱ ወደ ከፍታው ሊዛወር እንደሆነ፣ ሣጥኑም ከእንግዲህ ከወለል ጋር እንደማይጣበቅ ነገሩት። ከዚያ አለቃው አዲስ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ፊቱ አስቀመጡ።

"ከእርስዎ በላይ የሚታመን የለንም፣ የኔታ" አሉት አለቃው።

አባቴ ቁልፉን አየው፤ አልነካውም።

"እኔን ተዉኝ" አላቸው። "ለሚሰብር ሰው ስጡት።"