የአባዬ አምስት ላይፍ

ትናንት ከአብነት የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የስልኳን ድምፅ ሳትቀንስ ቀለም የማገጣጠም ጨዋታ ትጫወት ነበር። ሦስት አንድ ዓይነት ቀለም ሲገጥም የሚወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ብርጭቆ ውስጥ ጠጠር እንደመጣል ያለ፣ ቅልል ያለ ነገር። ሰፈሬ ሳልደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ጨረስኩት።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ በአንድ ብረት በያጅና በአንዲት ሻይ ሻጭ መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ውስጧ የካውያ እንፋሎትና የማሽን ዘይት ይሸታል። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ እሱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስፌት መኪናው ጋ ደርሶ ይመለሳል። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቀጥታ እዚያ ነበር የምሄደው። አባቴ ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። ስልኩን ፈልጌ ነው።

ስልኩ ላይ ጨዋታ ጭኜበት ነበር። ሁሉም ክብ ናቸው፣ የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። አንዱን ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይራችሁ ሦስት አንድ ዓይነት ስታሰልፉ ይጠፋሉ፣ ከላይ ሌላ ይወርዳል። ጨዋታው እንቁ ነው የሚላቸው፤ አባዬ ግን "የሸሚዝ ቁልፎቹ" ይላቸው ነበር። አምስት ላይፍ ይሰጣል። በተሸነፋችሁ ቁጥር አንዱ ይቀነሳል፤ ሲያልቅ ተመልሶ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። ዛሬም አልወድም።

ስልኩ የእሱ ስለሆነ ሁለቱን ላይፍ እሱ፣ ሦስቱን እኔ እንድንጫወት ተስማማን። አጨዋወቱ ግን ያናድደኝ ነበር። ጣቱን ከመስታወቱ በላይ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሰው ሲቆይ ጨዋታው ያዘነለት ይመስል የሚገጥሙትን ራሱ ያነቃንቃቸዋል። አባዬ እነሱ ሲነቃነቁ ብቻ ነበር የሚነካው።

"አባዬ፣ እየተለመንክ ነው እንዴ የምትጫወተው?"

"ቸኩለሽ የት ልትደርሺ ነው?"

"ሰነፍ!"

"አንቺ ቀልቃላ።"

አንድ ቀን ሰዓት የሚቆጥር ደረጃ ላይ ደረስን። እዚያ መጠበቅ የለም። "ሰማያዊውን አባዬ! ሰማያዊውን!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሱ አረንጓዴውን ይነካል። ደግሜ ጮህኩ፤ ደግሞ አረንጓዴውን። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ለእሷ እንዲሰማ ብዬ፣ "እትዬ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የማይለይ ልብስ ሰፊ አይተው ያውቃሉ?" አልኩና ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አባዬ አልሳቀም።

ስትሄድ ከመሳቢያው ሁለት ጥቅል ክር አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

"የቱ ነው ሰማያዊው?"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ያኔ ገባኝ። ስልኩ ላይ የሚገጥመው ይነቃነቅለታል፤ ክር ግን አይነቃነቅም።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለኝ። "ደንበኛ ጆሮ ከገባ ማን ጨርቁን ይሰጠኛል? ትንሽ ድካም ነው፣ ይለቀኛል።" ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ከዛሬ ጀምሮ አምስቱም ላይፍ ያንቺ ነው።"

ተቀበልኩ። ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄንን ነው። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። የአባቴ ዓይን እየጠፋ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አፌን ግን በአምስት ላይፍ ዘጋሁት። በየቀኑ መጥቼ የነገውን ክር ከየጨርቁ ጋር አስሬ በተርታ እደረድርለታለሁ፤ ከዚያ እጫወታለሁ። እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረንም።

አንድ ዓርብ ከጀለሶቼ ጋር ተክለ ሃይማኖት ጫማ ልናይ ሄድንና ሱቁ ጋ ሳልደርስ ቀረሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ አንዲት ወይዘሮ ቀሚሷን ዘርግታ ቆማለች። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር የተሰፋ።

"ጋሼ፣ እያሾፉብኝ ነው? ነገ ሰርግ አለብኝ እኮ!"

አባዬ ጨርቁን በጣቱ ይዳብሳል።

"እኔ ነኝ ክሩን ያቀያየርኩት" አልኩ።

"ይቺ ስልክ ላይ የተጣደች! ሥራ ቦታ ምን ትሠራለች እሷ?"

ስሰደብ ደስ አለኝ። ያዳንኩት መሰለኝ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ አባዬ ስፌቱን በጣቱ እየፈለገ በምላጭ መተርተር ጀመረ። ቀና ሳይል፣ "ላይፉ ሞልቷል፣ ተጫወቺ" አለኝ። ተጫወትኩ። ክሩ ጥስ ጥስ እያለ ሲበጠስ እየሰማሁ ተጫወትኩ። ያን ቀን ሮጬ ለእማዬ መንገር ነበረብኝ።

እማዬ ያወቀችው የቤታችንን ደረጃ ስቶ ሲወድቅ ነው። ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ መብራት እያበራ አይቶ አይቶ፣ "የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ የነበረውን እናቆይለት ነበር" አለ። እማዬ "ማን አውቆ!" ብላ አለቀሰች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የዓይን መመርመሪያ ፊደሎች ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይሄን ካነበበች እንግዲህ አወቀች።

ትናንት ቤት ስደርስ አባዬ መስኮቱ ስር ተቀምጦ ነበር። ኮቴዬን ለየው።

"ምነው ዘገየሽ?"

"በእግሬ መጣሁ።"

እጅጌዬን ዳበሰና፣ "ሰማያዊ ነው አረንጓዴ?" አለ። ሁልጊዜ የሚቀልዳት ቀልድ ናት። ቀጥሎ ግን፣ "አንቺ እኮ ጎበዝ ነበርሽ፤ ሚስጥር ትይዢ ነበር" አለኝ፤ ሲያመሰግነኝ እኮ ነው።

አሮጌውን ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ጨዋታው ጥለነው የሄድንበት ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው የአባዬ ፊት ፈካ። ጣቱን ሰጠኝ። እስኪነቃነቁ ጠብቄ፣ ጣቱን ይዤ ገፋሁት።

"ገጠመ?"

"ገጠመ።"

ሁለተኛውን ቸኩዬ ሳይነቃነቅ ገፋሁት።

"ገጠመ?"

ገጠመ ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "አልገጠመም አባዬ።"

"ቀልቃላ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ተሸነፍን። ደግመን ተሸነፍን፤ ደግመን ደግመን።

"ስንት ላይፍ ቀረን?"

"አንድ።"

ጣቱን ከእጄ አወጣና እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

"እሷን አንቺ ተጫወቺባት።"