ነው እና ነበረ

ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ አቶ ታደሰ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው ቤዛ፣ የጤና ኮሌጅ ተማሪዋ፣ እናቷ ዛሬ ጠዋት መቱ ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። የቤዛ የመጨረሻ ፈተናም ነገ ጠዋት ነው።

«እስክትፈተን እንያዘው ብለናል» አሉኝ አቶ ታደሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሙሉ፣ አንቺ እንደሆንሽ ወሬ አታበዢም። ብትጠይቅሽ ሁሉም ደህና ነው በያት፤ ሌላውን ለእኛ ተይው።»

እሺም እምቢም ሳልል ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ኩባያዎቹን አጠብኩ፤ ያጠብኳቸውንም መልሼ አጠብኩ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከወሎ በሰፈራ ጋምቤላ፣ አቦቦ ስንገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ፣ ወገቤ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ነው። ሁለት ሁለት ክፍል እየዘለልኩ ጨረስኩ። ጋምቤላ ገና አዲስ ክልል በነበረችበት፣ የየቢሮው ታፔላ ቀለም በሚሸትበት ዘመን፣ ከተማ ገብቼ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ከሥራ ጎን ለጎን ኮሌጅ ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ኮምፒዩተር አርክቴክቸር የሚባለውን ኮርስ የተማርነው ክዳኑ በተነሳ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። መብራት ሲኖር ሌላ ክፍል ይሠራበታል፤ መብራት ሲጠፋ ለእኛ ይመጣል። ውስጡን ለማየት መብራት አያስፈልግም። መምህሩ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆሙ ያስረዱናል፤ ስለ ፕሮሰሰሩ ሲያወሩ ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

«ጨዋ ነው» አሉን አንድ ቀን። «ጥሪ ቢመጣበት የጀመረውን ትዕዛዝ ሳይጨርስ አይነሳም። ከጨረሰ በኋላ የደረሰበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ጥሪውን አስተናግዶ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል። የማይቸኩል ጥሪ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው መጋረድ ይቻላል።»

«መጋረድ ማለት አልሰማሁም ማለት ነው?» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው አሪየት።

«ኧረ ጥሪውስ ደርሷል። ጊዜው እስኪደርስ በር ላይ ይቆማል እንጂ።»

አሪየት አኙዋ ናት፤ ያደገችው ባሮ ዳር ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለለመደችው ጊዜ ታምታታለች። ወንዙ ፊት ለፊታችን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ እየሄደ «ባሮ ሙሉ ነበረ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ስሕተት ማለፍ አልችልም። «ነው በይ» እላታለሁ።

«እሺ፣ መምህርት» ትላለች እየሳቀች። «አንቺም በእኔ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሪና ላርምሽ። እስከ ማታ አንለቃቀቅም!»

የኮርሱ ፈተና ዓርብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዳችን ወንዙ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ውሃው ቀይ ሆኗል፤ አየሩ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደ መጣል ነው። አሪየት የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች። ሌላ ቀን ለማንም የማትሰጠውን የሆዱን ሥጋ ለእኔ አደረገችው።

«ፈተናው ይለቅ እንጂ አባቴ እሸት ያመጣልኛል» አልኳት። «ላንቺም እነግረዋለሁ።»

«አባትሽ ጥሩ ሰው ነበረ» አለች።

«ነው በይ» አልኳት፣ ከደብተሬ ቀና ሳልል።

«እሺ፣ መምህርት» አላለችም። ቀና ብዬ ሳያት ውሃውን ታያለች። አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደብተሬን ዘግቼ ተነሳሁ። ወደ ገበያው ሄድኩ። ገበያው አጠገብ የአቦቦ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ የአባቴ የእርሻ ጎረቤት ልጅ ነው። «አቦቦ! አንድ ሰው ቀረኝ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሲያየኝ መጣራቱን አቆመ።

«ሙሉ፣ ፈተና ነው አሉ።»

«ነገ ነው።»

«በርቺ እንግዲህ» አለና መስታወቱን መወልወል ጀመረ። ንጹሕ መስታወት ነበር።

ገና አራት ሰዓት ነው። ቀብር ካለ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እደርሳለሁ። ብጠይቀው እንደማይዋሸኝ አውቃለሁ። ከጠየቅሁት እሳፈራለሁ፤ ከተሳፈርኩ ኮርሱ የሚመለሰው በዓመቱ ነው። አባቴም በተገናኘን ቁጥር የሚለኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ጨርሺ።» ይህን ሁሉ ያሰብኩት ምንም ሳይሰማኝ ነው፤ የሌላ ሰው ሒሳብ የምሠራ ይመስል።

«አንተም በርታ» አልኩት። አንዲት ሴት ዶሮ ታቅፋ ገባችና መኪናው ሞላ።

በማግስቱ ተፈተንኩ። አራተኛው ጥያቄ ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ እያለ ጥሪ ቢመጣበት ምን ያደርጋል የሚል ነበር። ሳልሰርዝ፣ ሳልደልዝ ጻፍኩ። መምህሩ ወረቀቴን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩም።

ቅዳሜ ሲነጋጋ አጎቴና የቢሮ ባልደረቦቼ በሬን አንኳኩ። የአጎቴ ነጠላ ጥለቱ ወደ ፊቱ ዞሯል። ስወድቅ ሊይዙኝ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል። አልወደቅሁም።

«እንዳይረብሽሽ ብለን ነው፣ ልጄ» አለ አጎቴ እያለቀሰ። «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው።»

«ደንዝዛ ነው» አሉ አብረው የመጡት ሴቶች፤ ፊቴ ላይ ውሃ ረጩብኝ። ውሃው ቀዝቃዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ሌላ የማስታውሰው ጥቂት ነው። አሪየት በር ላይ ቆማ ነበር። ሰው ጋብ ሲል ጠጋ ብላ «እኔ ነገርኩሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

«የለም፣ አማርኛሽ ተሳስቶ ነው» አልኳት።

በሕይወቴ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር እያወቅሁ ያረምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለአራተኛው ጥያቄ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ትምህርቴን ጨረስኩ፤ በኋላም ለሌሎች አስተማርኩ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ለብቻዬ ይጠራኝና ስላልነገረኝ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ይቅር እለው ነበር። ያልነገረኝ እሱ ቢሆንም ያልጠየቅሁት እኔ እንደሆንኩ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ለቅሶውም የት እንደቀረ አላውቅም። ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ቅድም፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ቤዛ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በረንዳው ላይ ብቅ አለች።

«እትዬ ሙሉ፣ የእናቴ ስልክ አይነሳም» አለችኝ። «ደህና ናት፣ አይደል?»

ልጅቷ ጠየቀች። የመቱ የመጀመሪያው መኪና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ለቀብሩ ያደርሳታል። «ናት» ነው ያለችው፤ የማርማትም እኔ ነኝ።

ወንበር ሳብኩላትና «ቁጭ በይ፣ ቤዛዬ» አልኳት።