ላልተወለደች ልጅ የተሰየመው ዳቦ ቤት

እኛ አዳማ ዳቦ ቤት የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ በልጁ ስም ነው የሚሰይመው። እኔም የንግድ ስም ላስመዘግብ ሄጄ «ሶሊያና ዳቦ ቤት» አልኩ።

«የልጅዎ ስም ነው?» አለችኝ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ።

«አዎ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ገና አልተወለደችም።»

«እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤትዎ ስንት ወሯ ነው?»

«ባለቤትም የለኝም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ግን ግትር ነኝ። «መወለዷ አይቀርም» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ። «እናቷ ሳትጠየቅ ስም ይወጣል እንዴ?»

እውነቷን ነው። ለምሳ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቄ «እሺ፣ አንቺ ማን ትያታለሽ?» አልኳት።

ዛሬ ዳቦ ቤታችን «ቦንቱ» ይባላል። ቦንቱም ዳቦ መደርደሪያውን ይዛ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች።